መሐል ላይ የቀረው ሱቅ

መስከረም 20

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የዚያ አገር ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። እማማ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቆጡኛል። ቁጣቸው እስካለ ድረስ ስለ ጤናቸው አያስቡ።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር መስመሩ እንዳልተቋረጠ አውቃለሁ። የዘጉት እርስዎ ነዎት። እኔ ቀስ ብዬ ስናገር እርስዎ ይቸኩላሉ፤ እርስዎ ሲቸኩሉ እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ እሺ እንዳልኩ ይቆጠራል። ስለዚህ ከእንግዲህ የማነጋግርዎ በወረቀት ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

መንገዳችንን አሁን ቢያዩት ያልፉታል እንጂ አያውቁትም። በግራችን የነበረው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አንሥቶ አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ገብቷል፤ አሁን የሚመጣለት ሥራ ዚፕ መቀየር ብቻ ነው። በቀኛችን የነበረው ሥጋ ሻጭ መስቀያ ብረቶቹን ነቅሎ ልጁ ዘንድ ሄደ። ሁለቱንም ቤት የያዘው አንድ ሱፐርማርኬት ነው። በግራ በኩል ምግቡን፣ በቀኝ በኩል ሳሙናውንና የፕላስቲክ ዕቃውን አድርጎ ከፈተ። እኛ መሐል ቀረን። ዳቦ ገዝቶ ሳሙና የቀረበት ሰው ከአንደኛው በር ወጥቶ፣ በእኛ ደጃፍ አልፎ፣ በሌላኛው በር ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፌስታል ሲያልፍ ሳይ እውላለሁ።

የጻፍኩት ግን ለዚህ አይደለም። ትናንት የሰፈሩ ደላላ ሜትር ይዞ መጣ። ሳይጠይቀኝ ከባንኮኒው ኋላ ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይኼማ ውስጡ ባዶ ነው፣ በአንድ ቀን ይወርዳል» አለ።

«የማንን ግድግዳ ነው የምታወርደው?» አልኩት።

«የእማማ ልጅ ቤቱን ለሱፐርማርኬቱ ለማከራየት ከውጭ ተስማምታለች። አንቺ አልሰማሽም እንዴ?»

እትዬ፣ እውነት ነው? ቤቱ የእማማ ነው። እኔም ወንድምዎ በሕይወት እያለም፣ ካረፈም በኋላ፣ እዚሁ ባንኮኒ ጀርባ ነኝ። የምተኛው ከኋላው ክፍል ከእማማ ጋር ነው። ይህ ሱቅ ከሄደ ሥራዬም ቤቴም አብረው ይሄዳሉ። ውሸት ከሆነ ደላላውን ደውለው ይቆጡልኝ። እውነት ከሆነም ከእርስዎ አፍ ልስማው እንጂ ከደላላ አይሁን።

ሌላው፣ የሚልኳቸውን ካርቶኖች ቢተዉአቸው ደስ ይለኛል። እማማ አይበሏቸውም።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ሚስት


ጥቅምት 16

ለወንድሜ ሚስት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው፤ እዚህ ሰው ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም።

አዎ፣ ተስማምቻለሁ። ከደላላው ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። ከማን ጋር ልነጋገር ኖሯል? ከአንቺ? አንቺ ዘንድ ሁሉም ነገር «እስቲ ይታያል» ነው። ሲታይ ሲታይ ወንድሜ ያቆመው ሱቅ እዚህ ደረሰ። እኔ የማልሰማ ይመስልሻል። ከዚያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ይነግረኛል፤ ባንኮኒው ላይ ክርንሽን ተደግፈሽ ዝንብ እሽ ስትዪ ነው የምትውዪው።

እኔ የምሠራው ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ሰው ዛሬ ምስር በስፍር፣ ዘይት በሲኒ አይገዛም። የታጠበ፣ የተቆረጠ፣ የታሸገ ይፈልጋል። ወተት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወተት ፈልጎ የገባው ሰው ብስኩቱንም፣ ጭማቂውንም፣ ቸኮሌቱንም አልፎ እንዲሄድ ነው። ሲያልፍ እጁ አያርፍም። አንቺ ግን ሰው «ስኳር አለ?» ሲልሽ «አለ፤ ትናንት የወሰድሽውን ምን አደረግሽው?» ትያለሽ። ይኼ ንግድ ነው? ይኼ የፖሊስ ምርመራ ነው።

ካርቶኑን ራስሽ ካነሣሽው ደግሞ እኔም ልናገር። አንዲት የሰፈራችን ሴት እዚህ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? «የላክሻቸው ብስኩቶችና ጣሳዎች ሲያምሩ፤ ሱቁ መስኮት ላይ ተደርድረው አየኋቸው፤ እኔም አንድ ገዛሁ።» እያመሰገነችኝ ነበር። ለእናቴ ብዬ የላክሁትን ከአፏ ነጥቀሽ መስኮት ላይ አወጣሽው። እናቴ ምን በልታ እንደምታድር አሁን ገባኝ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። አንቺ ግን በበላሽበት ቤት ሴትዮዋን አስርበሽ ዝም።

ውሉ ሲዘጋጅ እልካለሁ። እማዬ ትፈርማለች። የአንቺ ሥራ ብዕር ማቀበል ብቻ ነው።

የባልሽ እህት


ጥቅምት 27

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዎን ለእማማ አድርሻለሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ከራስሽ ነው ከሷ?» አሉኝ። ከእርስዎ መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው ግራውን ብቻ ሳሚ፤ ቀኙ ያመኛል» አሉ።

ስለ ካርቶኖቹ። የመጀመሪያው ሲመጣ እማማ አንድ ማንኪያ ቀመሱና «ገለባ በስኳር» ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ሁለተኛውን አልከፈቱትም። ምግብ አይጣልም፤ እኔም ብቻዬን አልጨርሰውም፤ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከተከፈተ አፍ ይነጠቃል፤ ከተዘጋ አፍ ምን ይነጠቃል? ደግሞ ጣሳዎቹን ገልብጬ ከሥራቸው ያለውን ቀን አይቻለሁ። አንዳንዱ እዚህ ሳይደርስ ቀኑ አልፎ ነበር። ያንን አልሸጥኩትም፤ ለሰውም አልተናገርኩም። አሁንም የማነሣው እናቴን አስራብሽ ስላሉኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ያንን ብስኩት ያኔ የቀመሰ ሁሉ ዛሬ የሚገዛው ከግራ በኩል ነው። ሱፐርማርኬቱ ሲከፈት ሰፈሩ አዲስ ነገር አልሆነበትም፤ ስሙን ሁሉ እየጠራ ነው የገባው። መንገዱን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

ዝንብ አለ፤ አልዋሽም። ሰውም ግን አልቀረም። ትልቁን ዕቃ ከእነሱ፣ የጎደለውን ከእኔ ይወስዳል። አንድ እንቁላል፣ አንድ ክብሪት፣ ለአንድ ድስት የምትሆን ዘይት። እነሱ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት በመረብ ቋጥረው ነው። ፀጉር ሠሪዋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ መረቡን ሙሉ ብትወስድ ግማሹ ይበቅልባታል። ትናንት አንድ ራስ ልትገዛ መጣች። የእነሱን ፌስታል ሹራቧ ሥር ሸጉጣዋለች፤ ዳቦው ግን በብብቷ በኩል ወጥቶ ይታያል። እኔ ሽንኩርቱን እየመረጥኩላት ነበር። እሷ ራሷ «የእህቴ ዕቃ ነው» አለችኝ።

«እህትሽ ታድላለች» አልኳት። እህት እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰፈሩ እንዲህ ሆኗል እትዬ። ሰላምታ የሚሰጠኝ በባዶ እጁ ሲያልፍ ነው። ፌስታል ከያዘ ስልክ የሚያናግር ይመስላል።

ውሉን ይላኩት። አነበዋለሁ። የእርስዎንም ደብዳቤ ቢሆን ለእማማ ቃል በቃል ነው የማነብላቸው፤ አንድም መስመር አልዘልም። ሥራሽ ብዕር ማቀበል ነው ላሉኝ ግን፣ ብዕሩም የእኔ ነው።

የወንድምዎ ሚስት


ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ ሚስት፣

ሰላም ነው? ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ብዕር አላነሣሁም። አንሥቼ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምጽፍ ፈጣሪ ያውቃል።

ፊደል በመጠቅለያ ወረቀት ላይ የቆጠርሽ ሴት ዛሬ ጣሳ ገልብጠሽ ቀን ታነቢልኛለሽ። ጥሩ ነው። ያ ቀን «ከዚህ በፊት ቢበላ ይመረጣል» ይላል እንጂ መርዝ ነው አይልም። እዚህ ሰው ሁሉ ይበላዋል።

መንገዱን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት አልሽኝ። እኔ ለእናቴ ላክሁ። መስኮት ላይ ደርድሮ ሰፈሩን ያስቀመሰው ማን ነው? ራስሽ ያሾልሽው ጥርስ ነከሰሽ። የአብዬን ወደ እምዬ አትላኪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሱፐርማርኬቱን ሥራ አስኪያጅ በስልክ አነጋገርኩት። ትሑት ሰው ነው። «እናትዎን በየቀኑ ነው የምናያቸው» አለኝ።

«የት?» አልኩት።

«እኛ ዘንድ ነዋ። ስንከፍት ይገባሉ፤ ባዶ ጋሪ እየገፉ በየመደርደሪያው መሐል ይዞራሉ፤ ምንም ሳይገዙ ይወጣሉ።»

እናቴ በስተርጅናዋ ርቧት የሰው ዳቦ እያየች ትውላለች። አንቺ ደግሞ በየደብዳቤው «ይበላሉ፣ ይተኛሉ» ትዪኛለሽ። በሬ ከአራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ እናቴን ወደ አራጁ ቤት የሚነዳት ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። የአንቺ ማዕድ ነው። ደግሞ ይህን ሁሉ ደብቀሽኛል።

ውሉን በመንገደኛ ልኬዋለሁ፤ ሰውየው እጅሽ ላይ ያደርሰዋል። እማዬ ፈርማ በዚያው ሰው ይመለስልኝ። እንዳትፈርም ካደረግሻት እናቴን ከእጅሽ አውጥቼ እዚህ አመጣታለሁ። አንቺም ያኔ ምስርሽን ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

የባልሽ እህት


ታኅሣሥ 14

ለባሌ እህት፣

ሰላምታ ይድረስሽ። እስከ ዛሬ አንቱ እያልኩ ጽፌልሻለሁ። እናቴን አስራብሽ ብሎ ለሚደጋግም ሰው የሚሆን አንቱታ አልቆብኛል። ይቅር በይኝ። ባትዪኝም ግድ የለም።

ደብዳቤሽን ለእማማ አነበብኩላቸው። ርቧት ከሚለው ላይ ስደርስ «ስለ ሆዴ ምን አስጨነቃት? ጉልበቴን ትጠይቅ» አሉ። እኔ ልንገርሽ እንግዲህ። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ቆይቷል። ምርኩዝ ገዛሁላቸው፤ ከበሩ ኋላ አቆሙት። «ምርኩዝ የያዘች ሴት አሮጊት ናት፤ ጋሪ የያዘች ሴት ገዢ ናት» ይላሉ። ጋሪው ይሸከማቸዋል። ወለሉ ልስልስ ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥበቃው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነበር በሩን የሚከፍትላቸው። ለዚህ ነው የሚሄዱት።

የመጀመሪያ ቀን እኔም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የባለሱቋ አማት በባላንጣ ቤት ጋሪ ይገፋሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ሲመለሱ ተቆጣሁ። «እና የት ልዙር? ባንኮኒሽን ልዙር?» አሉኝ። አፍሬ ነው ያልጻፍኩልሽ።

እዚያ ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ግን ሥራ አስኪያጁ አልነገረሽም። ቲማቲም የምታነሣ ሴት ካዩ «ተዪው፣ እምብርቱ ጠቁሯል» ይላሉ። ምስር የያዘ ካዩ ጋሪውን ፊቱ ያቆሙበታል። «ከዚህ ነው የምትገዛው? የዚህ ጠጠር ጥርስህን ያረግፈዋል። ከጎን ከምራቴ ሱቅ ግዛ።» ገንዘብ ተቀባዮቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር አሉ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሰፈሩ «ጥርሶ» ነው የሚለው፤ ክፉም ሲናገር፣ ደግም ሲናገር ጥርሱ አይከደንም። ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ «እማማን እንወዳቸዋለን» አለኝ። «ግን ጋሪ ለገዢ ነው። ውሉ ተፈርሞ ይኼ ግድግዳ ሲነሣ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ሲፈልጉ ሲዞሩ ይዋሉ።»

«ካልተፈረመስ?»

«እሱማ የእናንተ ውሳኔ ነው» አለ እየሳቀ።

በማግሥቱ ጥበቃው እማማ ሲደርሱ ጋሪውን ያዘ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ «እማማ፣ ታዝዤ ነው» አላቸው። እማማ የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። ሰው በአጠገባቸው ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ስልክ ያናግራል። ከዚያ ግድግዳ እየዳበሱ ተመለሱ። ደርሼ ልይዛቸው ስል እጄን መቱኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአልጋ እምብዛም አይነሡም። ያንቺ ስምምነት እስካሁን ያመጣው ይህን ነው፤ በእናትሽ ፊት በር አዘጋ።

ውሉም ደርሷል። ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አልፈረሙም፤ «አልፈርምም» አላሉም። መንገደኛሽ ጠብቆ ጠብቆ ባዶ እጁን ተመለሰ።

እዚህ አመጣታለሁ ብለሻል። መቼ? ቀኑን ጻፊልኝና ልብሳቸውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሻንጣ ላዘጋጅ።

የወንድምሽ ሚስት


ጥር 10

ለወንድሜ ሚስት፣

ደረሰኝ። አንቺ አልሽኝ፤ ይሁን። ድሮም አንቱታሽ ከአንገት በላይ ነበር።

ስለ በሩ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት። «ደንብ ነው» አለኝ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። እኔ በምሠራበትም ቤት የማይገዛ ሰው ቆሞ አይውልም። እማዬ ትፈርም፤ በሩ ይከፈትላታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ያከበድሽው አንቺ ነሽ። አንዲት አሮጊት ሴት ልብ ላይ ተቀምጠሽ አላስፈርምም ያልሽው አንቺ፤ በር ዘጋ እያልሽ የምትከሺው ሌላ ሰው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

መቼ ትወስጂያታለሽ ላልሽው፣ አሁን አይመችም። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ነው የምኖረው፤ እሷ ስትነሣ እኔ እተኛለሁ፤ አልጋው አንድ ነው። ይህን ለእማዬ አታንብቢላት። ያንን ጣሳም ካርቶንም መደብሩ ቀኑ ሲቃረብ ለሠራተኛ ያከፋፍለዋል። እኔም የምበላው እሱን ነው። ከምበላው ላይ ነው ለእናቴ የላክሁት። አንቺ ገልብጠሽ ቀን አነበብሽበት።

እንድታዝኚልኝ አልጻፍኩትም። ያንቺ ሐዘን እዚህ አገር አይመነዘርም። የቤቱ ኪራይ ቢመጣ ግን እኔ የራሴ በር ያለው ክፍል ይኖረኝ ነበር፤ እማዬንም የማስቀምጥበት። በዚህ መሐል የቆምሽው አንቺና ምስርሽ ናችሁ። አስፈርሚያት።

የባልሽ እህት


የካቲት 6

ለወንድሜ ሚስት፣

መልስ የለም። ስልክ አታነሺም። ደላላው ጋ ስደውል «አይዞሽ፣ ነገሩ አልቋል» ይለኛል። ምኑ ነው ያለቀው?

እማዬ ትበላለች? ትተኛለች? ትቆጣሻለች? ቀድሞ እንደምትጽፊው አድርገሽ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። እኔን መጥላት መብትሽ ነው፤ ይህን መስመር መከልከል ግን መብትሽ አይደለም። እሷ እናቴ ናት፤ አንቺ ወንድሜ ያመጣሽ ሰው ነሽ።

ዝምታሽን አውቀዋለሁ። ምሳ ላይ የሆነ ነገር ከተናገርኩሽ እስከ እራት ድረስ ዝም ነበርሽ። ወንድሜ እንዴት እንደቻለሽ እንጃ።

ጻፊ።

የባልሽ እህት


የካቲት 21

ለልጄ፣

ይህን የምናገረው እኔ እናትሽ ነኝ። የምትጽፈው ምራቴ ናት። አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድ ቃል እንዳትቀንስ አስምያታለሁ።

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ፈርሜአለሁ።

ማን አስፈረመሽ እንዳትዪ። ጥርሶ አላስፈረመኝም፤ አንቺም አላስፈረምሽኝም። ጋሪ ቀረብኝ ብዬም አይደለም። (ብዕሬን ያዝ አድርገው «ትንሽ ለሱም ብዬ ነው፤ ይኼንንም ጻፊው» አሉኝ።)

እዚያ ቤት ስዞር ዓይኔ ሥራ አይፈታም ነበር። ልጄ በሕይወት እያለ በየስማቸው እየጠራ ያስተናግዳቸው የነበሩትን ሁሉ አየኋቸው። ፀጉር ሠሪዋን አየሁ። ልብስ ሰፊውን አየሁ፤ ድሮ የራሱ በነበረው ቤት ቆሞ የታሸገ ዳቦ ይመርጣል። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ብስኩቱ ያዞሩ ነበር። አንዷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ጠልተናችሁ አይምሰልዎት፤ ልጆቹ ሌላ ነገር አንበላም ብለውኝ ነው» አለችኝ። ምራቴ በደጇ የሚያልፈውን ፌስታል ነው የምታየው። እኔ ሲሞላ አይቼዋለሁ። ስለ ምስሯ ያንን ሁሉ የለፈፍኩት ሰው ልልክላት ነበር። እሺ እማማ ይሉኛል፤ አይሄዱም። ሱቁ ሞቷል። እሷ ናት ሬሳውን አላስወጣም ያለችው። (ይህን አልጽፍም ብያቸው ነበር። «ምለሻል» አሉኝ።)

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ቤቴን ለደላላ ስታሳዪ እኔን አልጠየቅሽኝም። ይቺም «ቤቱ የእማማ ነው» እያለች ጻፈች እንጂ ዞር ብላ «እማማ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አላለችኝም። ሁለታችሁ ስትጻጻፉ እኔ ግድግዳ ነበርኩ። አንዱ አፍርሱት፣ ሌላው አትንኩት። ግድግዳው ራሱ ፈረሰ፤ ተገላገላችሁ።

ኪራዩ በእኔ ስም ነው የሚገባው። ጥርሶ ውሉ ላይ ያንቺን ስም አስገብቶ ነበር፤ አሰርዤዋለሁ። ያኔ ብቻ ጥርሱ ተከደነ። የኋላውን ክፍል እተውልዎታለሁ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት። መጋዘን ጀርባ ተኝቼ የካርቶን ድምፅ ልስማ? ምራቴ ወደምትሄድበት እሄዳለሁ። አንቺ ጋ አልመጣም፤ አልጋሽ ባለተራ አለው። አታንብቢላት ብለሽ የጻፍሽውንም አንብባልኛለች። እኔን ደስ ለማሰኘት አይደለም፤ አንድም መስመር ስለማትዘል ነው፤ ድምፅዋም አልተለወጠም።

ከምትበዪው ላይ መላክሽን ባውቅ ያንን ገለባ እበላው ነበር። እንግዲህ አትላኪ። ራስሽ ብዪው። ፈጣሪ የራስሽን በር ይስጥሽ፤ ከሰው ደጅ ይሰውርሽ።

እናትሽ


እስከዚህ የእሳቸው ቃል ነው። የሚቀጥለው የእኔ ነው።

ሱቁ ሞቷል የሚለውን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አየሽው፤ ፊደሉ አልተዛነፈም። የፈረሙት እኔ ገበያ በወጣሁበት ቀን ነው፤ መፈረሙን የሰማሁት ደላላው እጄን ሊጨብጠኝ ሲመጣ ነው፤ ምክንያቱን ግን ገና አሁን ስጽፍ። ያን ሰሞን ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺን ለመቅጣት አልነበረም፤ አንቺን ጭራሽ አላሰብኩሽም። እሳቸውንም አላናገርኳቸውም። ምሳቸውን አቀርባለሁ፣ ሳህኑን አነሣለሁ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ኋላ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። መስኮቷ ወደ መንገድ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ እንቁላል ለመሸጥ መስኮት ይበቃል። ሚዛኑን፣ ስፍሮቹንና ምስሩን እወስዳለሁ። መደርደሪያውን ጥርሶ ወስዷል። ከአሁኑ ሠራተኞቹ በዚያኛው ወገን ሆነው ግድግዳውን ይቆረቁሩታል፤ ባንኮኒው ላይ አቧራ ይወርዳል፤ ጠርጌ አልጨርሰውም።

ወደምትሄድበት እሄዳለሁ ብለዋል። እሄዳለሁ እንጂ «ትወስጂኛለሽ?» አላሉኝም። ማንም አልጠየቀኝም ያሉት ሴት፣ እኔን ሳይጠይቁ ለአንቺ አስጻፉኝ። አንቺም ብትሆኚ አትጠይቂም፤ «አንቺ ወንድሜ ያመጣሽ ሰው ነሽ» ነው የምትዪው። እናትና ልጅ ናችሁ፤ ያስታውቃል።

ነገ ዕቃ የሚጭነው ሰውዬ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጫነው የእሳቸው ፍራሽ ነው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ዛሬን ይጨነቁ። ለአንቺ የነገርኩሽ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ እንዳትጽፊ ነው። አዲሱን አድራሻ አልሰጥሽም።